ከአንድ ጣሳ የዋጥነው እንክብል

ሰኞ፣ ግንቦት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.
ሸዋ ሮቢት

ውድ መሊካ፣

ከቀትር ጀምሮ ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያንጣጣው ነው። ከወንዙ በኩል አቧራ ይነሳል እንጂ ዝናብ የለም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጅሽ ሐጂራ ነን። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፋናዬ አሁን ነው የወጣችው፤ "ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ጥናቱ ሊዘጋ ነው፣ እንዳይቀሩ" ብላኝ ሄደች። ሐጂራ ደግሞ ሣጥንሽን ስታራግፍ ያገኘችውን የወተት ጣሳ አምጥታልኛለች። "እማዬ የእትዬ በላይነሽ አደራ ነው እያለች አታስነካንም ነበር" አለችኝ። ተቀብዬ ጭኔ ላይ አኖርኩት። ከሞትሽ ሁለት ወር ሆነሽ፤ ጣሳው ውስጥ ግን አሁንም እንክብል አለ።

ደክሞኛል መሊካ። ዝም ማለት እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ስኳር ያለብንን ሰዎች ሰብስበው ዶክተር ደምሴ የነገሩንን ታስታውሻለሽ። "ይህ እንክብል ስኳሩን ያወርዳል፤ ልብን ይጠብቃል ወይስ ይጎዳል የሚለው ግን ገና አልታወቀም። ለግማሻችሁ መድኃኒቱን፣ ለግማሻችሁ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያውን እንሰጣለን። ማን የትኛውን እንደወሰደ እስከ መጨረሻው እኛም አናውቅም" አሉ። አንቺ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ "እነሱም ካላወቁ እኛን ለምን ጠሩን?" አልሽ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ላንቺ ሠላሳ አንድ ቁጥር ጠርሙስ ደረሰሽ፣ ለኔ ሠላሳ ሁለት። ቁጥሩን ያነበብኩልሽ እኔ ነኝ። ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለቀምኳት ትምህርት ለዚያ በቃች።

በሦስተኛው ወር አንቺ ፊትሽ ተመለሰ፤ እኔን ጥሙ አልለቅ አለኝ። አንድ ቀን አጥርሽ ሥር ማሾ ስንለቅም "የኔ ባዶው ነው መሰለኝ" አልኩሽ። ይህን ያልኩት አውቄ ነው። ምን እንደምትመልሺ ልቤ ያውቅ ነበር። ሳቅሽና "ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነን የሚለየን ሥጋ ብቻ ነው። እንክብል አይታረድ! ምን ይለየናል? አምጪው" አልሽ።

ሁለቱን ጠርሙስ በዚህ ጣሳ ገለበጥን። ነጭና ነጭ፣ መልካቸው አንድ። ነቅንቀሽ ሠላሳ ሠላሳ ቆጠርሽልን፤ የኔን በጠርሙሴ ያዝኩ፣ ያንቺ እዚያው ጣሳው ውስጥ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ወር በመጣ ቁጥር እንዲሁ አደረግን። ፋናዬ የተረፈውን ስትቆጥር አንድ ቀን እንኳ ጎድሎባት አያውቅም። "ቢጠይቁን ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ አንቺ ስትዋሺ ጆሮሽ ይቀላል" ትዪኝ ነበር።

ያልነገርኩሽ ይህ ነው። ከቀላቀልን በኋላ ጥሜ ጋብ አለ። አንቺ ግን እንስራው አጠገብ መመላለስ አበዛሽ። አይቻለሁ። አንድ ጊዜ "ሙቀቱ ነው" አልሽኝ፣ እኔም "አዎ ሙቀቱ ነው" አልኩ።

በመጋቢት ልብስ እያሰጣሽ "ደረቴን" አልሽና ተቀመጥሽ። ጋሪው እስኪደርስ አልቆየሽንም። ፋናዬ ካርድሽ ላይ ስትጽፍ "ምን ብለሽ ነው?" አልኳት። "ልብ" አለችኝ።

ያንቺ መድኃኒቱ ከነበረ ግማሹን ወስጄብሻለሁ። መድኃኒቱ ልብ የሚጎዳ ሆኖ የኔ ጠርሙስ ውስጥ ከነበረ ደግሞ፣ ያጎረስኩሽ እኔ ነኝ። በየትኛውም ብሄድ እኔ አለሁበት።

ነገ ቁጥር ይደምራሉ፤ ሠላሳ አንድ በልብ ሞተች፣ ሠላሳ ሁለት በሕይወት አለች ብለው። በዚያ ለካራቆሬውም ለአጣዬውም ስኳር በሽተኛ ይፈርዳሉ። ሠላሳ አንድን ብቻ የዋጠ ሰው እኮ የለም፤ ሠላሳ ሁለትንም እንዲሁ። ብናገር ከጥናቱ ያስወጡኛል፣ እንክብሉም ምርመራውም ይቀርብኛል። ፋናዬንም እፈራላታለሁ። ዘመኑን ታውቂዋለሽ፣ የተሳሳተ ቁጥር ሻጥር ይባላል።

ሐጂራ አሁን "እትዬ፣ ለማን ነው የሚጽፉት?" አለችኝ።

"ለእናትሽ።"

"እማዬ እኮ ማንበብ አትችልም።"

"ድሮም የማነብላት እኔ ነኝ" አልኳት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ከትናንት የተረፈ የማሽላ ቂጣ በላሁ። እንክብል አልዋጥኩም። ጣሳውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው በር ላይ አራተኛ ሆኜ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ጣሳውን ዶክተር ደምሴ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

"ይህ ምንድን ነው እትዬ?"

"የሠላሳ አንድና የሠላሳ ሁለት ነው። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ቀላቅለን ነው የዋጥነው። የፈለግሁት እኔ ነኝ። መሊካ እምቢ ማለት አታውቅም፣ ፋናዬ ደግሞ ምንም አልሰማችም።"

ፋናዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ዶክተሩ እንክብሎቹን በጣታቸው አገላበጡ።

"ለምን?" አሉኝ።

"ሌላውንም ነገር ተካፍለን ነበር የምንበላው።"

"ስንቱ እንዲህ አድርጎ ይሆን" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ያንቺንና የኔን ካርድ አወጡና በሁለቱም ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመሩ።

"እሷን የጎዳት የቱ ነው?" አልኳቸው።

"አላውቅም። ከእንግዲህ በእናንተ በኩል ማወቅም አይቻልም።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ከጥናቱ ወጥተዋል ብለው፣ ስሙ የተጻፈበትን የተለመደውን መድኃኒት የአንድ ወር አዘዙልኝ። ጣሳው እዚያው ቀረ። መንገድ ላይ ቆሜ የመድኃኒቱን ስም ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቤት ገባሁ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ጠርሙሱን ገለበጥኩ። ሠላሳ ነበር። አሥራ አምስቱን ቆጥሬ በአጥርሽ በኩል ለብቻ አኖርኩ። እንደዚያው ትንሽ አየኋቸው። ከዚያ መልሼ ጨመርኳቸው፣ አንዱን በውኃ ዋጥኩ።

ጎረቤትሽ፣
በላይነሽ