ከጎሉ ጀርባ ዝም ያልን ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሞሪዮ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? የባለቤትህ የክሌውዛ ደም ግፊት ወረደላት? ልጅህ ማሪና አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? የልጅ ልጅህ የትንሹ ካይኬ የፊት ጥርስስ በቀለ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ንፋስ ሲነሣ ብቻ ነው የሚያመኝ፤ ኦኪሱ ላይ ደግሞ ንፋሱ መች ተኝቶ ያውቃል። መንደሪኑ ደርሷል። የጎረቤታችን ዛፍ ዘንድሮም ወደ እኛ ግቢ አዘንብሎ አፍርቷል፤ እኔም ዘንድሮም እየሰረቅሁ ነው።

ባለፈው ስትደውል የኢቡኪን ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። በስልክ ብነግርህ መሐል ላይ እየገባህ ታቋርጠኛለህ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

ኢቡኪ የዓሣ ጀልባው ካፒቴን የኩዋሃራ የልጅ ልጅ ነው። የእግር ኳስ ክለባችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገው ልጅ ነው፤ አሁን ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባባ ጨርቁን በቀለም ነክረው ለአያቱ ጀልባ የሠሩትን ባንዲራ ታስታውሳለህ አይደል? ቀዩ ዓሣ፣ ከበታቹ ሰማያዊው ማዕበል። ልጁ ወደ ዋናው ቡድን ያደገ ጊዜ እኔም ያንኑ ዓይነት ነክሬ፣ መሐሉ ላይ የእሱን ስም ጽፌ ከጎሉ ጀርባ ሰቀልኩለት። ወደ ሜዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር።

ውሉ በጥር ያልቃል። ክለቡ አምስት ዓመት ፈርም አለው። እሱም እፈርማለሁ፣ ግን የውጭ ቡድን ከጠየቀኝ እንደምትለቁኝ ውሉ ላይ ይጻፍልኝ አለ። የቤልጂየም ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው አይተውታል። ሥራ አስኪያጁ እምቢ አለ፤ ልጁም ጭንቅላቱ እንደ አያቱ ነው፣ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ከቡድኑ ስብስብ አውጥተው ለብቻው ያሯሩጡት ጀመር።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ፀጉር አስተካካዩ ሳኩማ ሱቄ መጥቶ፣ «ጢሙ ሳይበቅል ውል ማንበብ ጀመረ! እኛ ያበላነውን ጉልበት ለቤልጂየም ሊሸጥልን ነው» አለ። አስጨፋሪያችን ጎንዶ፣ ያ የአኩሪ አተር አይቡን ቶፉ የሚሸጠው፣ ድምፅ ማጉያው ከአፉ የማይለየው፣ «አንተ የሱቅህን ኪራይ ስትፈርም መነጽር አድርገህ አይደል ያነበብከው? ልጁ ቢያነብ ምን አጠፋ?» ብሎ መለሰለት። ሳኩማም፣ «እኔ አንብቤ ቤልጂየም ልሂድ አላልኩማ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሃዲ የሚሉትም ነበሩ፤ እነሱ አልሳቁም።

በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማማ፤ ልጅን ጨዋታ ከልክሎ ማስፈረም ነውር ነው። ባሕር ማዶ እናንተ ጋ ቢሆን የሥራ አስኪያጁን እናት አንስታችሁ ስትሰድቡ ውላችሁ፣ ወጥቶላችሁ ወደ ቤታችሁ ትገቡ ነበር። እኛ ግን ተሰብስበን፣ ተመካክረን፣ ዝም ለማለት ወሰንን። በመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ እስከ እረፍት ድረስ ከበሮ የለም፣ መዝሙር የለም፤ አስተዳደሩ ይፈርበት። እኔም ባንዲራውን አጥፌ ቤት ተውኩት። አባባ ጀልባ ባሕር ካልወጣ ባንዲራ አይሰቀልም ይሉ አልነበር? ልጁ ስለማይጫወት አክብሬው ነው።

እኛ ይህን ስናደርግ ለካ ጠዋት አንዱ አጥቂ ተጎድቶ ኖሯል። ሁላችንም ቦታ ቦታችንን ከያዝን በኋላ አሰላለፉ ሲነበብ የኢቡኪ ስም ተጠራ! ሞሪዮ፣ ያን ሰዓት አትየው። ሁሉም ወደ ጎንዶ ዞረ፤ ጎንዶ ደግሞ ወደ እኛ ያያል። ዝም እንላለን ብለን ቃል ገብተናል፤ ማን ቀድሞ ያፍርስ? ልጁ ወጥቶ ባንዲራው የሚሰቀልበትን ቦታ አየ። ባዶ ነው። እኛን አየን፤ ሺህ ሰው አፉን ዘግቶ ቆሟል። ከዚያ በኋላ እግሩ ኳስ አልያዘለትም። በእረፍት ሰዓት አሰልጣኙ ቀየረው፤ እኛም ለእሱ ያዘጋጀነውን መዝሙር እሱ በሌለበት ሜዳ ላይ ስንጮህ ዋልን።

ሰኞ ዕለት እናቱ ሱቄ መጣች። የታሸገ ዓሣ ፋብሪካ የምትሠራዋን፣ ሚትሱዮን ታውቃታለህ። ኢቡኪ ከተማው ጠልቶኛል ብሎ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጡን፣ ይቅር እንዲሉኝ ሐሙስ ሄጄ አምስት ዓመቱን እፈርማለሁ ማለቱን ነገረችኝ። አልጠሉህም ብትለው፣ እናት ስለሆንሽ ነው ብሎ አልሰማትም።

ሮጥ ብዬ ለጎንዶና ለሳኩማ ነገርኳቸው። ጎንዶ ቶፉውን እየቆረጠ፣ «እትዬ ኪኑ፣ እንግዲህ ዝም ካልን እኮ ይቀርልናል» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም እዚያ እስክደርስ መንገድ ላይ ይችኑ ሳስባት ነበር። አያቱ ጀልባ ሙሉ ዓሣ ይዘው ከሚገቡበት ዘመን ወዲህ ከተማችን ያገኘችው ደስታ ይህ ልጅ ነው። ግን ከጎንዶ አፍ ስሰማው አስጠላኝ። «አስፈራርተን ያስቀረነውን ልጅ ስሙን እየጠራህ ልትጨፍር ነው? ያኔ ከሥራ አስኪያጁ በምን ተሻልን?» አልኩት። ቶፉውን መቁረጡን ቀጠለ። ተቆጥቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ባንዲራውን ይዤ ወደብ ወረድኩ። ልጁ ወደ ክለቡ ቢሮ ሲሄድ በብስክሌት የሚያልፈው በዚያ ነው። ዓሣ አጥማጁ የልጁ አጎት እዚያ ከታሰረችው ጀልባው ላይ ሰቀለልኝ። ባሕር ያልወጣች፣ አንድ ዓሣ ያልያዘች ጀልባ! አባባ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ልጁ አንገቱን ደፍቶ መጣ። በዚህች በሻከረች ድምፄ፣ «ኢቡኪ! ያ ዝምታ ላንተ አልነበረም! ለአለቆችህ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። አላመነኝም፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ያን ጊዜ ከዓሣ ሳጥኖቹ ጀርባ ከበሮው ተመታ። ጎንዶ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ፣ ሳኩማ መቀሱን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ፣ ከኋላቸው ያ ሁሉ ሰው። ዘመሩለት። ሳኩማ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጮኸ።

ልጁ ከብስክሌቱ ወርዶ እጅ ነሣ፤ ቀና ማለት ግን አቃተው። በመጨረሻ፣ «ታዲያ ብሄድ አትጠሉኝም?» አለ። ሳኩማ፣ «እንጠላሃለን እንጂ! መጀመሪያ ሂድና እዚያ ጎል አግባ፣ ከዚያ በኋላ እናስብበታለን» አለው።

አልፈረመም። በጥር ወደ ቤልጂየም ይሄዳል። ቤቴ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ባንዲራውንም ውሰድ ብዬ ለልጁ ሰጠሁት፤ አሁን ከጎሉ ጀርባ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ ሳየው ይከፋኛል።

ሞሪዮ፣ አንተ በየደብዳቤህ አባባ እንደተቀየሙኝ ነው ወይ የሞቱት ትለኛለህ። ወደ ባሕር ማዶ የሄድክ ቀን ባቡር ጣቢያው ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ የሻንጣህን ገመድ ብቻ ይፈታሉ፣ መልሰው ያስራሉ። እኔም ምን ብዬ እንደምመልስልህ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ገባኝ፤ የኢቡኪ ስም ሲጠራ ልጮህለት እየፈለግሁ፣ አፌን ዘግቼ ቆሜ ነበር። ያን ቀን አንድ ሰው ፊቴን ቢያይ ጠልታዋለች ይል ነበር። አባባ አልተቀየሙህም፣ ወንድሜ። ገመዱን ደጋግመው ይፈቱና ያስሩ የነበረው ባቡሩ እንዲያመልጥህ ብለው ይመስለኛል።

ክሌውዛን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጨውም ቀንሺ በላት። ለማሪና መንደሪኑን አድርቄ እልክላታለሁ፣ የተሰረቀ መሆኑን አትንገራት። ካይኬ ኳስ ሲያይ እየጮኸ ጎረቤት ይረብሻል ብለኸኝ ነበር። ተዉት፣ ይጩህ።

እህትህ ኪኑ
ኦኪሱ ወደብ፣ ዲሴምበር 14