የበላሁት ስልክ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2012፤ ከሰዓት 9፡00

ካቡ ሥር ነኝ። ትርንጎ ከወዲያ ማዶ፣ ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ከስልኳ ታነባለች፣ እኔ ከወዲህ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ባዮሎጂ ሁለት ገጽ፣ ታሪክ አንድ ገጽ ተኩል። ስትፈጥን እጄ አይደርስባትም። ቀስ በይ ስላት ባትሪው ያልቃል ትላለች። እውነቷን ነው። ስልኩ የሚሞላው በሶላር ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል።

ት/ቤት በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ የ11ኛ ክፍል ት/ት በቴሌግራም ሆኗል። የክፍል ኃላፊያችን መ/ር ዳኛቸው ጥያቄ ይልካሉ፣ ተማሪው ሠርቶ ፎቶ አንስቶ ይመልሳል። ዛሬ ደግሞ ሌላ መልእክት መጣ። እስከ ግንቦት 28 ሥራውን አሟልቶ ያልላከ እንዳቋረጠ ይቆጠራል፤ ወደ 12ኛ አይዛወርም። ት. (ትርንጎ) ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። አንዴ ይበቃ ነበር።

የእናቴ ስልክ ይደውላል፣ መብራትም አለው። ቴሌግራም የሚባል ነገር አያውቅም። በእኛ መንደር አሥራ አንድ ቤት አለን፣ አንዱም ቤት እንዲህ ያለ ስልክ የለም። 12ኛ ክፍል የገባ ሰውም የለም።

ሬዲዮው ጠዋት ማታ ሁለት እርምጃ ተራራቁ ይላል። ሳቄ ይመጣል። እኛ ሸክላ ሠሪዎቹ ይህን ትእዛዝ ከተወለድን ጀምሮ እናውቀዋለን። ጠይብ ይሉናል፣ ቡዳ ይሉናል፣ ዓይናቸው ይበላል ይሉናል። ከት. ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን፤ ቤቷ ግን ገብቼ አላውቅም። ለእናቷ ለእትየ ስንዱ ኮሮና ጥሩ ምክንያት ሆነላቸው።


ረቡዕ፣ ግንቦት 5፤ 10፡00

ደብተሬ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ቶሎ ልጻፈው፣ ሳይጠፋ።

ሒሳብ ነበር። ግራፍ። ግራፍ እንዴት ተብሎ ይነበባል? ት. ሞከረች። ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደ ጉና ተራራ አናቱ ላይ ዞር ይልና ይወርዳል አለችኝ። ሳልኩት። እንደሱ አይደለም አለች። ደግሜ ሳልኩት። ተሳሳቅን። በመጨረሻ ሰለቻትና ስልኩን በካቡ ላይ አሳልፋ ሰጠችኝ።

ያዝኩት። ሞቅ ይላል። ግራፉ ጉናን አይመስልም፣ የተደፋ ድስት ነው የሚመስለው። ድስትማ እኔን ጠይቂኝ! በአንድ ጊዜ ገባኝ። አምስቱንም ጥያቄ እዚያው ሠራሁ፣ ገጾቹን ራሴ ፎቶ አነሳሁ፣ የዝና ብዬ ስሜን ጽፌ ላክሁ። መ/ር ዳኛቸው ወዲያው መለሱ። ጎበዝ፣ ሁሉም ትክክል።

ቀና ስል እትየ ስንዱ በራቸው ላይ ቆመው ያዩናል። ዘወር አሉ። ገቡ።


ዓርብ፣ ግንቦት 7፤ ጠዋት 2፡00

ስልኩ ሞቷል።

ት. ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ መንገድ ላይ አገኘችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረችኝ። ረቡዕ ማታ እናቷ ስልኩን ተቀብለዋት ፀበል ረጩበት። ረጩ እንኳን አይባልም፣ አፈሰሱበት። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ፣ ሦስት ጊዜ። እኔ ስለነካሁት። ትናንት ጠዋት ሲከፍቱት አልበራም።

መሳቅ ጀምሬ ነበር። ት. አልሳቀችም። እናቷ እኔ በላሁት ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግረዋል።

ስልክ በላሁ። እኔ የዝና፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ እንጀራ ያለ ጨው፣ ስልክ በላሁ። ስጽፈው እንኳን ያስቃል። እኔም ክርስትና የተነሳሁት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ያው ፀበል ነው የፈሰሰብኝ። እኔን አልገደለኝም።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 8፤ ማታ

ገበያ ዋልን። እናቴና እኔ ድስቱን፣ ምጣዱን ደርድረን ተቀመጥን። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ አንስተው በጣታቸው ያንኳኳሉ፣ ከዚያ እኔን ያዩና ያስቀምጣሉ። አንዷ ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸፈነችው።

የሠራነው ድስት ወጣቸውን ያበስላል፣ ይበሉበታል፣ አይታመሙም። የነካሁት ስልክ ግን ይሞታል። ይህን የሚያስረዳኝ አንድ ሰው ብቻ ባገኝ።

አህያችን እንደተጫነች ሄደች፣ እንደተጫነች መጣች።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 11፤ 11፡00

በእግሬ ከተማ ወርጄ መ/ር ዳኛቸው ቤት ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። አጥራቸው በር ላይ ቆመው በጭንብል አናገሩኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልቆጡኝም። ጥያቄውን በወረቀት ይጻፉልኝ፣ ሠርቼ በእግሬ አመጣለሁ አልኳቸው። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ተከልክሏል። ስለ ስልኩ ነገርኳቸው። ከሌላ አገር ነው የመጡት፣ በዚህ አገር ነገር ውስጥ አልገባም አሉኝ። ለአንቺ ብቻ ሕግ ልለውጥ አልችልም፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው አሉ። እኩል የሚለውን ቃል ረጋ አድርገው ነው ያሉት፣ እንዲገባኝ።

ስመለስ ዝናብ መታኝ። ደብተሬ፣ አንቺን ጡቴ ሥር ወሽቄሽ ነበር፣ ሽፋንሽ ብቻ ነው የራሰ።


እሑድ፣ ግንቦት 16፤ ከቅዳሴ በኋላ

ሽማግሌ መጣብን። አያ ደሴ፣ የእትየ ስንዱ ወንድም። ግቢያችን ቆሙ፣ አልተቀመጡም። እናቴ ያነጠፈችላቸውን አጎዛ በዓይናቸው ብቻ አመሰገኑት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ት. ስልኩን ደብረ ታቦር ወስዳው ነበር። ጠጋኙ ከፍቶ አየው፤ ውስጡ ውሃ ገብቷል፣ ሌላ ችግር የለውም፣ አንድ ሳምንት ገብስ ውስጥ ቅበሪው፣ እስኪደርቅ አትክፈቺው አላት። ጉዳዩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። እትየ ስንዱ ግን ውሃውን ማን አስገባው ብለው ጠየቁ። መልሱም ያው እኔ ነኝ። ቡዳ የበላውን የሚለቀው ተፍቶበት ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ረቡዕ እመጣለሁ፣ ስልኩ ላይ እንትፍ እልበታለሁ፣ እለቀዋለሁ። ከለቀቅኩት ት. እንደ ቀድሞው በካቡ ላይ ታነብልኛለች፣ ሥራዬንም ትልክልኛለች። አያ ደሴ ቃላቸውን ሰጡ። እምቢ ካልኩ ግን የመንደሩን ነገር እሳቸው አያውቁም።

አልተፋም አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። አንቱ ማለት እንኳን ረሳሁ።


ሰኞ፣ ግንቦት 17፤ ጠዋት

እናቴ ሌሊቱን አልተኛችም። ጭቃ እያቦካች፣ እኔን ሳታይ፣ ነገረችኝ። ያልሰማሁትን። እሷም ተፍታለች። አንዴ ለታመመች ጥጃ፣ አንዴ ለአራስ፣ አንዴ ደግሞ በእኔ ዕድሜ ሳለች ሊያገባት ለነበረ ልጅ። እናቱ ጠርታ አስተፋቻት። ልጁ ዳነ፣ ሌላ አገባ።

«ምራቅ ነው የኔ ልጅ፣ ይደርቃል» አለችኝ። «አንቺ ተማሪልኝ እንጂ።»

ተናደድኩባት። በዓለም ላይ ከሁሉ ሰው ይልቅ በእሷ ተናደድኩ። ከዚያ ገብቼ አለቀስኩ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 19፤ 8፡00

ተፋሁ።

በአጭሩ እጽፋለሁ። የእትየ ስንዱ ግቢ። መጀመሪያ ጊዜዬ ነው፣ ግቢውን የረገጥኩት። አሥራ አምስት ሰው ይሆናል፣ ሁሉም አፍና አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኗል። ለአገሩ በሙሉ አትትፉ ተብሎ በሬዲዮ ይለፈፋል፣ እኔ ግን ተለምኜ ልተፋ መጣሁ። ስልኩን ከገብሱ አውጥተው ጉቶ ላይ አስቀመጡት። ፍሬው ሁለት ሦስቱ ተጣብቆበታል። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። አፌ ደርቆ ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ምንም አልወጣም።

ት. በቀሚሷ ጠርጋ ተጫነችው።

በራ። ዘፈኑን ሁሉ ዘፈነ። እልልታው ቀለጠ። አንዲት ሴት መሬት ሳመች። እትየ ስንዱ አለቀሱ፤ ስልኩ ባሕር ዳር ካለው ወንድ ልጃቸው ጋር የሚገናኙበት ነውና አልፈርድባቸውም።

እኔ ትርንጎን አየኋት። ውሃው ስለደረቀ ነው በያቸው። በዓይኔ ለመንኳት። ጠጋኙ ያላትን የሰማችው እሷ ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ስልኩን እያየች ዝም አለች።

ሞቶ ቢቀር ይሻለኝ ነበር።


ዓርብ፣ ግንቦት 21፤ ከሰዓት 9፡00

ካቡ ሥር ነኝ። ት. አልመጣችም። ጠበቅኩ፣ ጠራኋት። ታናሽ እህቷ ወጥታ ከሩቅ ነገረችኝ። ስልኩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እትየ ስንዱ፣ በምራቋ ካስነሳችው በዓይኗ ትገድለዋለች፣ ሁለተኛ እንዳታየው ብለዋል።

አያ ደሴ ቤት ሄድኩ፣ ቃላቸውን ላስታውሳቸው። ከውስጥ የሉም አስባሉ። ሳላቸውን ሰምቻለሁ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 26፤ 10፡00

ገበያ መሄድ ትቻለሁ። መንገድ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ትናንት አንዲት ሴት የነጠፈች ላሟን ገመድ ይዛ መጣች፣ እንትፍ በይልኝ ብላ። ስልኩን እንዳስነሳሁ እስከ ወዲያኛው ቀበሌ ተሰምቷል። ድሮ ይጠረጥሩኝ ነበር፣ አሁን ምስክር አላቸው። ምስክሩን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ፣ ለግራፍና ለባዮሎጂ ብዬ።

ት. ምንጩ ጋ አየችኝና እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ዴስክ።

ዓርብ ነው የመጨረሻው ቀን። የቀረኝ የሦስት ሳምንት ጥያቄ ነው። ስልኩን አንድ ቀን ተኩል ባገኝ እጨርሰዋለሁ። አስልቼዋለሁ።


ሐሙስ፣ ግንቦት 27፤ ጠዋት 1፡30

ወሰንኩ።

ወደ ካቡ አይደለም። በቀጥታ በበራቸው እገባለሁ። እትየ ስንዱን ዓይን ለዓይን እያየሁ ገና አለቀቅኩትም እላቸዋለሁ። የተፋሁት ለግማሹ ነው። ሌላው የሚለቀው ስልኩ እስከ ነገ ማታ እኔ እጅ ከዋለና ካደረ ብቻ ነው። ሣጥን ውስጥ ከቆየ እሑድን አያይም፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ ድምፅም አይኖርም። ፀበልም እንዳያስነኩት እነግራቸዋለሁ። ከምናገረው ሁሉ እውነቱ ይኸኛው ብቻ ነው።

ይሰጡኛል። አውቃለሁ።

ከዛሬ በኋላ ቡዳ አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። በገዛ አፌ ብያለሁና። እናቴ ሦስት ጊዜ ስትተፋ አንድም ቀን ነኝ አላለችም። እኔ ልል ነው። ያስጠላኛል። ግን ደግሞ 12ኛ ክፍል እገባለሁ። ትርንጎ እዚያው ትሆናለች፣ ያበላሸው ውሃ ነው የምትል ከሆነ ዛሬ ትበል። እጠብቃታለሁ። እስከ አሥር እቆጥርላታለሁ።

ደብተሮቼን በፌስታል ጠቀለልኩ። እናቴ ከጭቃዋ ቀና ብላ በዚህ ጠዋት ወዴት ነው አለችኝ።

ት/ቤት አልኳት።