ናፍጣ ወይስ ቤንዚን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን 1972 ዓ.ም.

ወደ አገሩ የሚመለሰው ጀርመናዊ የሚሸጣቸውን ሁለት የቤት መኪኖች አስነዳኝ። የናፍጣዋ የእንጦጦን ዳገት እያጓራች ወጣች፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። የቤንዚኗ ግን ሞተሯ መነሳቱም አይሰማ። ቤንዚን በኩፖን ቢሆንም ልቤ ወደ እሷ አደላ። በዚህ ጊዜ በቅንጦት መኪና ዓይን ውስጥ መግባት ለማን ይበጃል? እስከ ሰኞ እንድሞክራት ሰጠኝ።

ደጅ አቁሜያት ስገባ ባለቤቴ ጸዳለ ክው አለች፤ የምትለቅመው ምስር ተደፋ።

"የናፍጣዋን ግዛ" አለችኝ በኋላ።

"ጆሮ ታደነቁራለች እኮ።"

"ታደንቁር። አንተ መሆንህን ከየካ ሚካኤል መታጠፊያ ጀምሮ አውቃለሁ።" ምስሩን እያፈሰች ጨመረች፤ "ወንድሜን የወሰዱት ለት፣ በር እስኪመታ ምንም አልሰማንም።"

የቤንዚኗን ሰኞ እመልሳታለሁ። እስከዚያ ከመታጠፊያው ጀምሮ ክላክስ እያደረግሁ እገባለሁ።