«እንደምታውቁት» ብሎ ስለሚጀምረው የጀማሪዎች ትምህርት

ለተከበሩ የቪዲዮ ቅንብር ማሰልጠኛ ማዕከላችን ኃላፊ፤

ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ሰላም፣ የአንገትዎም ነገር እንደምን ከርሟል? ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደኛ ወደታች ማየት ሳያደክምዎ አይቀርም ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ከቅናት በስተቀር ምንም አላመመኝም።

ከሁሉ አስቀድሜ በድረ ገጽዎ ላይ «ለጀማሪዎች» ብለው ስላስቀመጡልን የሃያ ደቂቃ ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ። አስተማሪው ገና አፉን ሲከፍት «እንደምታውቁት» ነው ያለው። እኔ የማውቀው ኮምፒውተሩን ማብራት ነበር፤ እሱንም ያሳየችኝ ልጄ ናት። ሳልማር አዋቂ ያደረገኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎትና እግዜር ይስጥልኝ።

አቤቱታዬን እንዳይሰለችዎ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩ኛ፦ እናቴ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታ ነው ያሳደገችን። ስለ ደንበኞቿ የምታወራውን ሁሉ፣ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ሲጨቃጨቅ ቆይቶ የታናሽ ወንድሙን ሱሪ ለብሶ የተገኘውን ሰውዬ ጭምር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልኬ ስቀርጽ ቆየሁ። ለሰማንያኛ ልደቷ ላቀናብረው ብዬ ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁና ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ ወደ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ጎተትኳቸው። ቁልጭ ብለው ተደረደሩ። እንግዲህ ገብተዋል ብዬ፣ ስልኬም ሞልቶ ስለነበር፣ ከስልኩ አጠፋኋቸው። በማግስቱ ስከፍተው በእናቴ ፊት ፋንታ ቀይ ሣጥን፣ በላዩም «ፋይሉ አልተገኘም»። ለካ ፕሮግራሙ ቪዲዮውን አያስቀምጥም፤ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚያስታውሰው! ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በሃያው ደቂቃ ውስጥ ፈልጌ አጣኋት። ስለ ቀለም ማስተካከል ግን አሥራ አንድ ደቂቃ አለ፤ ቀይ ሣጥኔን ምን ቀለም ባደርገው ያምርብኛል?

፪ኛ፦ ማዕከልዎ ያሉት ኮርሶች «መካከለኛ» እና «ከፍተኛ» ብቻ ናቸው። መዝጋቢዋን መሠረታዊውንስ ከየት ልማር ብላት «እሱንማ ሰው ከቤቱ ይዞት ይመጣል» አለችኝ። ከቤታችን ይዛው የወጣችው ታናሽ እህቴ ናት፤ ለእኔ አላስተረፈችልኝም።

፫ኛ፦ ይህችው እህቴ። ከቪዲዮዎቹ የተረፉት ሰባቱ፣ እዪልኝ ብዬ ቀደም ሲል የላክሁላት ናቸው። ከፍተኛውን ኮርስዎን ስትማር አራት ደቂቃ ፊልም አደረገቻቸውና በልደቱ ዕለት ግድግዳ ላይ ለቀቀችው። መጨረሻው ላይ «ዳይሬክተር» ተብሎ ስሟ በወርቅማ ፊደል እየተሽከረከረ መጣ። እናቴ አልቅሳ ሳመቻት፤ በዓመት ሁለቴ ብቅ የምትለዋን! እኔ ሳህን እያነሳሁ ነበር። አዎ፣ ቀናሁ። ሳህኑን ሳላጥበው እስክደረድረው ድረስ ቀናሁ።

እናቴ ታሪኩን ደግማ ልትነግረኝ ፈቃደኛ ናት። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ በየሳምንቱ እያጠረባት ነው። ባለፈው እሑድ የሱሪውን ሰውዬ ጀመረችና መጨረሻውን እኔን ጠየቀችኝ። ስለዚህ «መጀመሪያ ፋይላችሁን እዚህ አስቀምጡ» ከሚለው የሚጀምር ትምህርት እንዲያዘጋጁልን፣ እሱንም እናቴ ሳትጨርስ እንዲጀምሩልን በትሕትና እለምናለሁ።

ለመካከለኛው ያልደረስኩ፣ ለዝቅተኛውም ቦታ ያጣሁ፣ ለቀደሙት ደብዳቤዎቼ የሰጡኝን ዝምታ የማደንቅ ታዛዥዎ፣

የዳይሬክተሯ ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ በፊልሙ ውስጥ ከካሜራው ጀርባ «እማዬ፣ ቀና በይ» እያለች የምትስቅ ሴት ትሰማለች። እኔ ነኝ። እህቴ እንዳለችኝ፣ የማይፈለግ ድምፅ ከፊልም ቆርጦ ማውጣትን የሚያስተምሯቸው በሚቀጥለው ወር ነው። እባክዎ ያንን ትምህርት ትንሽ ያዘግዩልኝ፤ ማዘግየቱን እንኳ፣ እንደሚያውቁት፣ ማንም አያስተምርዎትም።