ከገጹ አጋማሽ በታች

እስከ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ እህታችን በቀን አርባ ገጽ እርማት ያነቡ ነበር። ከማተሚያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ሃምሳ አራቱን ደረጃ መደገፊያውን ሳይነኩ ይወርዱ ነበር። በዓመት ከዓይናቸው የሚያመልጠው ስሕተት ከስድስት በልጦ አያውቅም፤ ቁጥሩ ከማተሚያ ቤቱ መዝገብ የተወሰደ ነው።

የተወለዱት ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 7 ቀን 1948 ዓ.ም. ነው። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ፊደል የለዩት አባታቸው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እያስነበቧቸው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1965 ዓ.ም. ሲጨርሱ ውጤታቸው ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት እናታቸው ዐረፉ፤ ቤት ውስጥም የአራት ዓመት ታናሽ ወንድም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው እሱ ነው። ሕፃኑን የሚያሳድግ ሌላ ሰው ስላልነበረ ትምህርቱን ትተው መጋቢት 1966 ዓ.ም. በማተሚያ ቤቱ የእርማት ክፍል ረዳት ሆነው ተቀጠሩ።

በክፍሉ አርባ አራት ዓመት ሠሩ። ገጹን መጀመሪያ ለትርጉሙ፣ ቀጥሎ ለፊደሉ፣ በመጨረሻም ከታች ወደ ላይ ያነቡት ነበር። «ዓይን የለመደውን ነው የሚያየው፤ አቅጣጫ ቀይርበት» እያሉ ወንድማቸውን አስጠንተው የውስጥ አካል ምስል የሚያነብ ሐኪም አደረጉት። እሳቸው ካልፈረሙ ማሽን አይነሣምና ፊደል ለቃሚዎቹ «አራት ነጥብ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙን ሲሰሙ ይሥቁ እንጂ አይቆጡም ነበር።

በ1974 ዓ.ም. የማተሚያ ቤቱን መጽሐፍ ጠራዥ አግብተው ዛሬ መምህርት የሆነችውን አንዲት ልጃቸውን ወለዱ። የሠርጉ መጥሪያ ላይ የቀን ስሕተት አግኝተው ሁለት መቶውንም በእጃቸው አርመዋል። ባለቤታቸው ይህንን ባነሡ ቁጥር «እኔን ግን ሳታርም ነው የወሰደችኝ» ይላሉ።

በ2009 ዓ.ም. በአንድ ዓመት አርባ አራት ስሕተት አመለጣቸው። ወጣቶቹ ሠራተኞች «አራት ነጥብ ነጠላ ሰረዝ ሆነች» ብለው ቀለዱ፤ ቀልዱም ጆሯቸው ገባ። ኅዳር 2010 ዓ.ም. ከደረጃው ወደ ኋላ ወደቁ። በዚያው ወር የክፍሉ ኃላፊ «እትዬ፣ እስከ ዛሬ ለፍተዋል፤ አሁን ይረፉ» አሏቸው። በጡረታ ሲሰናበቱ ግድ የለሽ ሆነዋል ብሎ ፊት ለፊት የተናገረ የለም፤ ያላሰበ ግን ጥቂት ነው።

አንገታቸው እየደረቀ፣ እርምጃቸው እየዘገየ ስለሄደ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ወንድማቸው በሚሠራበት ሆስፒታል የአንጎል ኤምአርአይ ተነሡ። በሆስፒታሉ የምስል ክፍል ደንብ ሐኪም የቤተሰቡን ምስል አያነብም። ወንድማቸው ወረፋ እንዳይጠብቁ ብሎ ምስሉን ከተራ አውጥቶ ራሱ አነበበው። የመላኪያው ወረቀት የጠየቀው ደም መፍሰስ ወይም ዕጢ መኖሩን ነበር፤ እሱም ለተጠየቀው ብቻ መለሰ። አንጎሉን ከላይ ወደ ታች በስሱ ቆራርጠው የሚያሳዩትን ምስሎች አየ። በመሐል ለሁለት ከፍሎ ከጎን የሚያሳየውን ግን አልከፈተም። ንባቡ አራት ደቂቃ አልሞላም። «ለዕድሜያቸው ጤናማ» ብሎ ፈረመ። ፊርማው የማን እንደሆነ ከቤተሰቡ የጠየቀ አልነበረም።

የነርቭ ሐኪሙ ይህን ንባብ ይዘው የፓርኪንሰን ክኒን ጀመሩላቸው። ክኒኑ አልሠራም። መጠኑ ሦስት ጊዜ ተጨመረ፤ የተጨመረው ግን ማቅለሽለሽና ማዞር ነበር። ወንድማቸው በየሳምንቱ እየመጣ የቀሩትን ክኒኖች ይቆጥር ጀመር። አንድ ቀን ልጃቸው በተቀመጠችበት «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ትውጫለሽ ወይስ ትደብቂያለሽ?» አላቸው። «ቆጥረህ የለ እንዴ? ጎደለ?» አሉት። አልጎደለም ነበር።

ባለቤታቸው በዚያ ሰሞን የምግብ ሳህናቸውን በአራት ጥራዝ መጻሕፍት ላይ ማስቀመጥ ጀምረው ነበር። ወንድማቸው ምክንያቱን ሲጠይቅ «ሐኪሙ አንተ ነህ፤ እኔ የማውቀው ጥራዝ ነው። ግን እሷ ወደ ታች አታይም፤ ሳህኑን ከፍ ሳደርገው ትበላለች» አሉት። እሱም «ምስሉ ንጹሕ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ይህች ቃል የቤቱ ፍርድ ሆነች። ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የእሳቸው ነው፤ አይንቀሳቀሱም፣ አይታዘዙም፣ አይበረቱም ተባለ።

ግንቦት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛ ምስል ተነሡ። ያነበበችው የወንድማቸው የሥራ ባልደረባ ናት። የጎኑን ምስል ከፍታ የአንጎል ግንዱን የላይኛውን ክፍል ለካች፤ ሰባት ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚያ የ2011ዱን አወጣችና ለካች። ስምንት ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከሥሩ ካለው ወፍራም ክፍል ግማሽ አይሞላም። ፓርኪንሰንና ሐኪሞች ፒኤስፒ የሚሉት ሕመም ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ። በፓርኪንሰን ግን ይህ ክፍል መጠኑን እንደያዘ ይቆያል፤ በፒኤስፒ ይሳሳል። የተያዘው ሰው ዓይኑን ወደ ታች ማውረድ ይሳነዋል፤ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ክኒኑም እምብዛም አይረዳውም። «ያኔም እዚሁ ነበር» አለችው ባልደረባው።

ወንድማቸው ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄዶ የ2009ኙን እርማቶች አስወጣና ያመለጡትን አርባ አራት ስሕተቶች አንድ በአንድ በገጹ ላይ ምልክት አደረገባቸው። አርባ አንዱ ከገጹ አጋማሽ በታች ናቸው። እዚህ የተገኛችሁ የማተሚያ ቤቱ ባልደረቦች ይህን እንድታውቁ ያስፈልጋል፤ አራት ነጥብ ግድ የለሽ አልሆኑም። ዓይናቸው በደረሰበት ሁሉ እንደ ቀድሞው አንብበዋል።

በማግስቱ ሁሉንም ለእሳቸው ብቻ ነገራቸው። ንግግራቸው መጎተት ጀምሮ ነበር። «ለእኔ ነገርከኝ። ወረቀቱስ?» አሉት። «አስተካክለዋለሁ፣ እትዬ።» «የታተመ ስሕተት በጆሮ አይታረምም» አሉት። በመስከረም 2014 ዓ.ም. አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ ደግሞ ሌላ ጊዜ ጠየቁት። ሁለቱንም ጊዜ «በዚህ ሳምንት» ብሏቸዋል። ስሙ እንዳይጠፋ ፈርቶ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እሳቸው ለባለቤታቸውም ለልጃቸውም አልተናገሩም። በ2015 ዓ.ም. ንግግራቸው ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቁትም።

ሕመሙ የሚድን አልነበረም፤ ይህ ግን ማንንም አያነጻም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምስል መካከል የማይረዳ ክኒን ተጨመረባቸው፤ ሦስት ጊዜ ወደቁ፤ የግራ ክንዳቸው ተሰበረ፤ በገዛ ቤታቸውም ክኒን ደባቂ ተባሉ።

በመጨረሻው ዓመት መዋጥ አቃታቸው። የሳንባ ኢንፌክሽን ይዟቸው ለዘጠኝ ቀን ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሕይወት አሉ። ባለቤታቸውና ልጃቸው ይህን ጽሑፍ ትናንት ሰምተዋል። ልጃቸው እስካሁን ወንድማቸውን አላነጋገረችም። ባለቤታቸው «ይነበብ፤ እሷ ብትሆን አንዲት ቃል አታስቀርም ነበር» ብለዋል።

የሰውን ሥራ ከላይም ከታችም አንብቦ የሚፈርድ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥ።

በሆስፒታሉ መዝገብ የሰፈረው የጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ንባብ በፈረመበት ሐኪም እጅ ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ታርሟል። እርማቱ የገባው ከንባቡ በአምስት ዓመት ከአምስት ወር ከአምስት ቀን፣ ከዕረፍታቸው ደግሞ በአንድ ቀን ዘግይቶ ነው።