እትዬና የጠፋው ክፈፍ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? የአባዬ ሳል ለቀቀው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ከስታለች ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ ቀሚሴ ሁሉ ጠቦኛል።

ቢሮ ተቀምጠሽ ምን እንደምትሠሪ ዛሬም አልገባኝም ብለሽኝ ነበር። ጥፋቴን ልንገርሽና ያኔ ይገባሻል። ለአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የሕመምተኛ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራሁ። እንዲያምር ብዬ ሙሽራ አስመሰልኩት። አሁን የሚጻፈው ስክሪኑ ላይ ካሉት የመጻፊያ ሳጥኖች በየትኛው ውስጥ እንደሆነ የሚያሳየውን ሰማያዊ ክፈፍ፣ መልኩን ያበላሽብኛል ብዬ አጠፋሁት። አንዳንዶቹን ሳጥኖች ደግሞ በማውስ ካልተነኩ በቀር የማይከፈቱ አደረግኳቸው።

ካርድ ክፍሉን የያዙት ሁሉም ሰው እትዬ የሚላቸው ሴት ናቸው። ቀኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማውስ አይታዘዝላቸውም፤ ኪቦርድ ላይ ግን የሚደርስባቸው የለም። ዓይናቸውን የሕመምተኛው ካርድ ላይ ተክለው፣ ታብ የምትባለዋን ቁልፍ እየተጫኑ ከሳጥን ሳጥን ያልፋሉ። የእኔ ፕሮግራም ግን ሳጥን እየዘለለ፣ የት እንደደረሱም ሳያሳያቸው፣ ስልኩን ስም ላይ፣ ስሙን ዕድሜ ላይ አስጻፋቸው። ለማየት ስሄድ ሰልፉ እስከ ውጪው በር ደርሶ ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ እስከ ዓርብ ካልለመዱት ውላቸውን እንደማያድስ ነገራቸው። እሳቸውም ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። እንግዲያው አስተካክዪው ብሎኝ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እኔም የራሴን ማውስ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ፕሮግራሜን በኪቦርድ ብቻ ልሠራበት ተቀመጥኩ። አሳሬን አየሁ። የሠራሁት እኔ፣ ሦስተኛው ሳጥን ላይ የጠፋሁትም እኔ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ክፈፉን አድምቄ መለስኩት፤ ታብም እንደ ካርዱ ቅደም ተከተል፣ አንድም ሳጥን ሳይዘል እንዲሄድ አደረግኩ። በማውስ የሚሆነው ሁሉ በኪቦርድም ይሆናል። ማውስ የለመዱትም ሳይቀሩ ክፈፉን ወደዱት።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ማውሳቸውን ነቅለው አስያዙኝና፣ "በይ ውሰጂልኝ፣ ቦታ አጣበበብኝ" አሉኝ። ኃላፊው ከኋላቸው ቆሞ ያያል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰልፉ አለቀ፤ አንድም ስም ቦታውን አልሳተም። ከሰዓት በኋላ ኃላፊው የታደሰውን ውል ራሱ አምጥቶ ፊታቸው ዘረጋላቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ፊርማው ረጅም ጊዜ ወሰደ። እሱም ጨርሰው ብዕሩን እስኪያስቀምጡ ድረስ ሳያጣድፋቸው ጠበቃቸው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለእህቴ፣ ያንን ሹራቤን መልበሷን እንደማውቅ ንገሪያት። ለአክስቴም፣ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውም፣ ለትንሿ ሚጡም አንድ በአንድ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። 

የምትወድሽ ልጅሽ
ከሥራ ቦታዬ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ
ኅዳር 9 ቀን