አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የዘገየው አዲስ ዓመት

ዴልዋቴ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1978

ለልጄ ለኢንዱማቲ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የእጄን ጽሕፈት ስታዪ ክፉ ነገር የደረሰብን መስሎሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ይህን ያስቀደምኩት። የሞተ የለም። የምጽፍልሽ ስለ አዲስ ዓመቱ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንደሩ የአዲስ ዓመቱን ምድጃ የሚለኩሰው በእኔ ርችት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር በደቂቃ ሲቀበልና ሲሸኝ የኖረ የጣቢያ ሹም ሰዓቱ አይሳሳትም ብለው ነው። ዘንድሮ ፀሐይ ከሑት ኮከብ ወጥታ ሐመል ኮከብ የምትገባበት፣ አዲስ ዓመት የሚሆንበት ጊዜ አይመችም ነበር። ሥራ የማይነካበት መሸጋገሪያ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እስከ ረፋድ ዘለቀ፤ ኮከብ ቆጣሪዎቹ የቆረጡት የምድጃ መለኮሻ ደቂቃ ደግሞ አራት ሰዓት ከአርባ ሦስት ላይ ዋለ።

የኪስ ሰዓቴን የምሞላው ሁልጊዜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ላይ ነው። ያን ዕለትም ሰዓቱ ሲደርስ አወጣሁትና አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰዓት መሙላት ሥራ ነው ወይስ አይደለም?

«ስድስት ጊዜ ለመጠምዘዝ ምን ላብ አለው? ሞልተኸው ተገላገል» አለች እናትሽ።

«ሥራ ሥራ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው መተንፈሱንም ተወዋ፣ አንተ ሰውዬ!»

አልሞላሁም። እንደያዝኩት መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ረፋዱ ላይ ርችቱን አጥሩ ላይ ሰቅዬ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ወተቱን በሸክላ ማሰሮ ጥደው፣ ክብሪት ይዘው በየበራቸው ይጠብቃሉ። እናትሽ የጎረቤት ልጆች ሰብስባ ያንን የአዲስ ዓመት ልዑል ታወራላቸዋለች፤ አበባ ዘውድ ደፍቶ፣ ነጭ ፈረስ በሚስበው ሠረገላ ወደ ወተት ባሕር ይወርዳል፣ የእኛም ወተት የሚገነፍለው ለእሱ ነው እያለች። ስንቴ የሰማሁት ነገር ስለሆነ ሸለብ አደረገኝ።

ያነቃኝ የወንዝ ማዶ ሰዎች ርችት ነው። ያቺ ጎረቤታችን ኩሱማዋቲ፣ «ሹሙ! የማዶዎቹ ተኮሱ እኮ!» ብላ ጮኸች። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ከሠላሳ አንድ ይላል።

«የማዶ ሰው መቼ ታግሶ ያውቃል? ሠርጉንም ሙሽራዋ ሳትደርስ ነው የሚበላው» አልኳት። መንደሩ በሙሉ ሳቀ።

«ሹሙ ካሉ አሉ ነው» ብላ ክብሪቷን ዘጋች። ቀጥሎ ከኮረብታው በኩል ተኮሱ። እነሱንም ሰደብኳቸው። ብዙ ቆይቼ ሰዓቴን ደግሜ ባየው አሁንም አራት ከሠላሳ አንድ ነው። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ቆሟል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «አሁን!» ብዬ ርችቱን ለኮስኩ። አርባ ሁለት ቤት በእኔ ቃል እሳት አነደደ። ርችቱ ሲንጣጣ ማንም ሳያየኝ ሰዓቴን ሞልቼ አራት ከአርባ ሦስት ላይ አስተካከልኩት። ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ሰዓት ሲነገር ሳስተያየው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል።

መልካሙ ደቂቃ ያለፈው ምድጃ መዓት ያመጣል ይባላልና፣ ከዚያ መዓቱን መጠበቅ ያዝኩ። የማን ጣራ ይነድ፣ የማን ከብት ይሞት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ወተቱ በየቤቱ እንዳማረበት ገንፍሏል። የኩሱማዋቲ ላም ወልዳለች። ከዚህ ሌላ የሆነ ነገር የለም። ትናንት ሲጨንቀኝ ለእናትሽ ተናዘዝኩ። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም።

«ለአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ እንዲህ ከተሠቃየህ፣ ልጅህ የተወለደችበትን ሰዓትስ ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተወለድሽ ዕለት ጣቢያ ነበርኩ። አክስትሽ እየሮጠች መጥታ «ሴት ናት!» ስትለኝ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኋት። «እኔ ሰዓት ከየት አምጥቼ? ፀሐይዋ የኮኮናቱን ዛፍ አለፍ ብላ ነበር» አለች። ከቤት እስከ ጣቢያ ያለውን መንገድ በግምት ቀነስኩና ሁለት ሰዓት ከአርባ ብዬ ጻፍኩ። ለኮከብ ቆጣሪው የሰጠሁት እሱን ነው፤ የኮከብሽን ወረቀት የጻፈውም በዚያ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ያኔም አውቅ ነበር፤ ላንቺ አልተናገርኩም እንጂ።

ያን ወረቀት ዘርግቼ ነው «ኮከባችሁ አልገጠመም፣ ኒሃል በሦስት ዓመት ውስጥ መበለት ያደርግሻል» ያልኩሽ። እሱን ካገባሽ በሬን አትርገጪ ያልኩሽም ያን ወረቀት ይዤ ነው። እንደሰማሁት ኒሃል በጤናው አለ፣ ወፍሯልም አሉ። ሴት ልጅ እንዳላችሁም ሰምቻለሁ። ስሟን ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። እናትሽ ሳታውቅ አትቀርም፤ ብጠይቃት «ራስህ ጠይቃት» ትለኛለች።

የኮከብ ቆጠራው ውሸት ነው አልልሽም፤ በዚህ ዕድሜዬ እምነት አልለውጥም። ሰዓቱ ግን የእኔ ግምት ነበር። ስድስት ዓመት የተቃጠልነው በእኔ ግምት ነው። በጣም አዝናለሁ፣ ልጄ።

በአዲስ ዓመት ያንን የሚታኘከውን የቡላት ቅጠል ይዞ ወላጁ ፊት የሚንበረከክ፣ «በድዬ እንደሆነ ይቅር በለኝ» የሚል ልጅ ነው። አባት ለልጁ ሲያደርገው አላየሁም፣ ከአባቴም አልሰማሁም። ዛሬ ጠዋት ከጓሮ የቆረጥኩት ቅጠል እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። እናንተ ጋ ባንዳራዌላ እስኪደርስ ይደርቅ ይሆናል፤ ቢሆንም ተቀበይኝ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ሦስቱም ኑ። መልካም ሰዓት አታስቆጥሩ፣ በፈለጋችሁት ሰዓት ኑ።

ሦስቱ ዕንቁዎች፣ ቡድሃ፣ ትምህርቱና መነኮሳቱ፣ አንቺን፣ ኒሃልን፣ ስሟን የማላውቃትንም ልጅ ይጠብቁልኝ።

አባትሽ፣
ፒያራትና